ነፋስ ያላመጣው በረዶ

ኦኒ ፔልኮነን የተገኘው በምድር ቤቱ ክፍል፣ በአልጋው ላይ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ እንደተኛ ነው። ጉንጮቹ ቀልተዋል። ጉንፋን አዳክሞ አልጋ ላይ ያዋለው ሽማግሌ እንዲህ ሊቀላ አይገባም ነበር። መርማሪ ሎይስ ትሬቫሮ መነጽሯን አውልቃ ጉሙን በሹራቧ ጠረገችና አስከሬኑ አጠገብ ጥቂት ቆመች። ይህን ቅላት ታውቀዋለች። ከቤት ማሞቂያ የሚያመልጥ ጭስ የሚተወው ምልክት ነው። አይሸትም፣ አያስልም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም።

የማሞቂያው ጭስ ማውጫ ቱቦ በቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ፣ በሰው ጉልበት ከፍታ ላይ ይወጣል። የእሳት አደጋ ሰዎች ሲደርሱ ቱቦው አልታያቸውም፤ በረዶ ውጦታል። ቱቦው ሲደፈን ማሞቂያውን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ደግሞ ከአምና ጀምሮ አይሠራም። ይህን በመንገዱ ያለ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ኦኒ ራሱ ቡና በጠጣበት ቤት ሁሉ ይቀልድበት ነበር። «ማሞቂያዬ እንደ እኔ ነው፤ በቃህ ቢሉት አይሰማም» ይል ነበር።

የእሳት አደጋ ሰዎች ጥፋቱን ለነፋሱ ሰጡት። ማለዳ ከሐይቁ የተነሳው ነፋስ ሰሜኑን ግድግዳ ሲገርፍ ውሏል፤ በረዶውም አላቋረጠም። ሎይስ ግን ተንበርክካ ከቱቦው ሥር የቀረውን ክምር በጓንቷ ቆረሰች። ነፋስ የሚያከማቸው በረዶ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ይህ ግን ጓል ጓል ነበር፤ ተወርውሮ፣ ግድግዳውን መትቶ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ። በመካከሉ ግራጫ መስመር ይታያል። በጣቶቿ አሸችው። አመድ ነው።

ቀና ስትል ከመንገዱ ማዶ፣ ከጎረቤቱ ከዋይኖ ካንጋስ ሳውና፣ በእንጨት ከሚነደው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ጢስ ሲወጣ አየች። ቀኑ ማክሰኞ ነው። በዚህ መንገድ ሳውና የሚነደው ረቡዕና ቅዳሜ ነው። ነገሩን በልቧ ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች።

ኢርያ ፔልኮነን ካፖርቷን እንደለበሰች ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። የኦኒ ልጅ የአርቮ ሚስት ነበረች። ካቻምና ክረምት አርቮ በረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር ጫካ ሲያቋርጥ፣ በመንገዱ ላይ የተዘረጋ የብረት ገመድ ደረቱን መትቶ ጣለው፤ ሞቶ ተገኘ። ገመዱን የዘረጋው ሰው አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ምራትና አማት በአንድ ጣሪያ ሥር ቀሩ። ዛሬም ከአረጋውያን መኖሪያው ወጥ ቤት፣ ከሥራዋ ስትመለስ፣ አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት።

«ጠዋት በረዶውን የጠረግሁት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ።

«በየትኛው የበረዶ መጥረጊያ ማሽን?»

«በአባባ ትንሿ ማሽን።»

«በረዶ መትፊያ አንገቷን ወዴት አዙረሽ?»

«ወደ አጥሩ። ነፋሱን ለጀርባዬ ሰጥቼ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።» የካፖርቷን ቁልፍ ነካካች። «ግን ቸኩዬ ነበር። ቆቤን እስከ ዓይኔ ስቤዋለሁ። ቱቦው ትዝም አላለኝ። እንጃ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።»

ከዚያ የሆነውን ቀስ እያለች ተናገረች። ገና ግማሹን እንደጠረገች ማሽኗ ተንተፋትፋ ጠፋች፤ ነዳጅ ጨርሳ ነበር። የቤቱን ጀሪካን ብታነሳው ባዶ ነው። ማሽኗን ገፍታ ጋራዥ አስገባቻት። የመንግሥት ጠራጊ መኪና በደጃፉ የቆለለውን ጠጣር በረዶ ትንሿ ማሽን በደህና ቀንም አትችለውም፤ እሱንና የቀረውን በአካፋ ጨርሳ ወደ ሥራ ሮጠች።

ሎይስ ልትነሳ ስትል ኢርያ አስቆመቻት። «በስህተት ቢሆንም ያስሩኛል?»

ሎይስ መዋሸት አልወደደችም። የሚወስነው ዓቃቤ ሕጉ እንደሆነ፣ እስር ሊኖር እንደሚችልም ነገረቻት።

«እኔ ከሆንኩ ቢያስሩኝ ይሻላል» አለች ኢርያ። «እዚህ ቤት ማደር አልችልም።»

ዋይኖ ካንጋስ ዕድሜውን በእንጨት ቆራጭነት የኖረ፣ አሁንም በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም ሽማግሌ ነው። ሎይስ ግቢው ስትደርስ ከሳውናው ብቅ አለ። በልብስ መቀየሪያው በር ክፍተት የተሰቀለ ወፍራም ጃኬቱ ታየ። ፊት ለፊቱ ከአንገት እስከ ወገብ ርሶ ይንጠባጠባል፤ ጀርባው ደረቅ ነው።

የአባቷን ስም ጠርቶ አብረው ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ነገራት፤ ቡና ካልጠጣሽ ብሎም ያዛት። ዕለቱን ሙሉ ከግቢው እንዳልወጣ፣ ደጁን በራሱ ማሽን ጠርጎ እንደገባ አወራት። ማሽኑ እዚያው ቆሟል፤ ጥጃ የሚያህል፣ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ በብረት እግሮቹ የሚሄድ። የሄደበት ሁሉ ስስ የበረዶ ምንጣፍ ይቀራል። አጠገቡ ተጎታች ጋሪ ነበር፤ የመጎተቻው ብረት ገመድ ጫፍ በእጅ ተጎንጉኖ ቀለበት ሆኗል።

«ይህን ማን ሠራው?» አለች ሎይስ።

«እኔ። ዛሬ በዚህ አውራጃ እንዲህ የሚጎነጉን አታገኚም። ሁሉም በብሎን ነው የሚያጠብቀው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቱን ተያት፣ ሎይስ። ነፋስ ነው። ነፋስ አይከሰስም።»

ከእሱ ስትለይ በቀጥታ ወደ ኦኒ ጋራዥ ሄደች። ትንሿ ማሽን ጥግ ላይ ቆማለች፤ አሮጌ ናት፣ ሁለት ሰው ሳይሆን አንድ ሰው የሚያነሳት። በረዶውን ከመሬት የሚያነሱት ላስቲክ መቅዘፊያዎቿ አንዲት የበረዶ ፍርፋሪ የለባቸውም፤ በመጥረጊያ ተጠርገዋል። አንገቷ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ተመልሷል። ሎይስ የነዳጁን ክዳን ከፈተች። እስከ አፏ ሞልታለች።

ነጭ ጨርቅ ነከረችበት፤ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የቤቱን ባዶ ጀሪካን ገልብጣ የቀረችውን ጠብታ ሌላ ጨርቅ ላይ አወረደች። ሰማያዊ ነው። የማስነሻ ገመዷን ስባ ማሽኗን አስነሳቻት። ያለ እንከን ተነሳች። መልሳ አጠፋቻት።

በማግስቱ ክላይድ የሚባለውን የኦኒን የወንድም ልጅ አነጋገረች። በፒክአፑ አፍንጫ ላይ የብረት አካፋ አስገጥሞ የሰው ደጅ በመጥረግ የሚተዳደር ጎልማሳ ነው። በእሱ ቤት ነገሩ ተፈርዶ አልቋል። ሰኞ ማታ ለአጎቱ መድኃኒት ሊያደርስ ሲመጣ አጎቱና ኢርያ ሲጨቃጨቁ ሰምቷል፤ ቤቱም የሚቀረው ለኢርያ ነው። ይህንኑ ለመንገዱ ሁሉ አውርቶታል።

«ያቺን መጫወቻ ሌላ ማን ይነካታል?» አለ። «እኔ በአካፋዬ አንዴ ገፍቼ እጨርሳለሁ። ዋይኖም ያ አውሬው አለው። ትንሿ የእሷ ናት፤ በቃ።»

ሎይስ ስለ ጭቅጭቁ ኢርያን ጠየቀቻት። ኦኒ ዕድሜውን ሙሉ ቅዳሜ ማታ የሚታጠበው በዋይኖ ሳውና ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን አልሄደም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ዋይኖ ሰላም ሲለው ፊቱን አዞረ። ኢርያ ምን ተፈጠረ ብትለው፣ እስከሚመጣው እሑድ ታገሺ እያለ ዘጋት። ሰኞ ማታ ይንገሩኝ ብላ የጮኸችው ለዚህ ነው።

ሎይስ ምድር ቤቱን ዳግመኛ ፈተሸች። ከኦኒ መሥሪያ ጠረጴዛ ሥር፣ በአሮጌ ሹራብ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ፈትታ አየችውና መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ የፍርድ ቤት ፈቃድ አስወጥታ ወደ ዋይኖ ጋራዥ ሄደች፤ እሱ በቤቱ አልነበረም።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሁሉንም በኢርያ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ዋይኖ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ይዞ መጣ፤ ኀዘን ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ክላይድ መስኮቱን ተደግፎ ቆመ። አንድ ፖሊስ በሩ ጋ ነበር። ውጭ በረዶው ያለ ድምፅ ይወርዳል፤ ከሐይቁ በኩል ሰማዩ እንደ ብረት ጠቁሯል።

«ነፋስ አይደለም» አለች ሎይስ። «ነፋስ ከመሬት አመድ ቧጦ ግድግዳ ላይ አይለጥፍም። ኢርያ ሰው እንዳይንሸራተት ከዋይኖ ሳውና የመጣ አመድ መግቢያው ላይ ትበትናለች። አመዱ አስፋልቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የክላይድ አካፋ ይገፋል እንጂ አይወረውርም። የዋይኖ ትልቁ ማሽን ከአመዱ በላይ ነው የሚያልፈው። መሬቱን ልሳ፣ የላሰችውን በዚያው ጉልበት የምትተፋ አንዲት ማሽን ብቻ ናት። የኦኒ።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ክላይድ።

ኢርያ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ካቴና እንደምትጠብቅ ሰው።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለቻት ሎይስ በቀስታ። «ያን ቀን ማሽኗ ሁለት ጊዜ ነው የሠራችው። ጠዋት ነዳጅ ጨርሳ ቆመች። ማታ ሳገኛት እስከ አፏ ሞልታለች።»

ክላይድ፣ ኢርያ ዋሽታ ይሆናል ብሎ ጣልቃ ገባ። ሎይስ ሁለቱን ጨርቆች አወጣች። ይህች ማሽን ንጹህ ቤንዚን እንደማትጠጣ፣ ዘይት የተቀላቀለበት እንደምትፈልግ ሁሉም ያውቃል። የቤቱ ዘይት ነዳጁን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ማሽኗ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነው። ክላይድ ከፒክአፑ ቀድቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቀለም አይኖረውም፤ ሞተሯም ብዙ ሳይቆይ ይቃጠል ነበር።

«አረንጓዴውን ትናንት አገኘሁት» አለች። «በእርስዎ የሞተር መጋዝ ጀሪካን ውስጥ፣ ዋይኖ።»

ዋይኖ አልደነገጠም። «ጀሪካኔ በሩ ጋ ነው የሚቀመጠው። ማንም ያነሳዋል።»

«ያነሳዋል። ግን ማን ይሞላል? ክፉ ሊሠራ የመጣ ሰው ለሥራው የሚበቃውን ጠብ አድርጎ ይሄዳል። እርስዎ ከጨረሱ በኋላ እንደገና ሞሏት። መቅዘፊያዎቿን ጠረጉ፣ አንገቷን ወደ ፊት መለሱ። የሰው ማሽን የተዋሰ ሞልቶ፣ አጽድቶ ነው የሚመልሰው። በዚህ መንገድ ያደጋችሁ ሽማግሌዎች ሁሉ እንዲህ ናችሁ። ክላይድ የተዋሰውን ጭቃውን ሳያራግፍ ነው የሚመልሰው።»

ክላይድ ጭቃ የያዘ ጫማውን ወደ ኋላ ሳበ።

ሎይስ ቀጠለች። ሰሜኑ ግድግዳ ላይ በረዶ ለመትፋት ፊትን ለነፋስ መስጠት ግድ ነው፤ የተተፋው ግማሹ ተመልሶ ደረት ላይ ይለጠፋል። የዋይኖ ደጅ የሚጠረገው ነፋሱን ለጀርባ ሰጥቶ ነው። ጃኬቱ ግን ፊት ለፊቱ ርሶ ነበር፤ እሱን ለማድረቅ በማክሰኞ ሳውና አነደደ። ማሽኗም ከኢርያ በኋላ የወረደውን አዲስ በረዶ በግድግዳው ጥግ ብቻ ነው የጠረገችው፤ የቀረው መግቢያ ሳይነካ ነበር።

ከዚያ ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ክንድ የሚያህል የብረት ገመድ ነበር። ጫፉ በእጅ ተጎንጉኖ ቀለበት ሆኗል፤ ሽቦዎቹ መካከል ቀይ ቀለም ተጣብቋል።

«የአርቮ ሞተር ቀይ ነበር» አለች ኢርያ። ገመዱን አልነካችውም።

ዋይኖ ጉንጉኑን አየው። «በበረዶ ሞተር እየመጡ ችግኞቼን ይጨፈልቁ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ለማስፈራራት ነው የዘረጋሁት። በማግስቱ ቀይ ጨርቅ ልሰቅልበት ነበር። ይህን ጫፉን ቆርጬ ደበቅሁት። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ኦኒ ከሳውናው ጀርባ እንጨት ሊያመጣ ሄዶ አገኘው፤ ይዞትም ሄደ። እስከሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ለኢርያ ራስህ ንገራት፣ ከሌላ ሰው አትስማ አለኝ።»

«እና?» አለች ሎይስ።

«ማክሰኞ ልነግርሽ ነበር የመጣሁት፣ ልጄ። አልነበርሽም። ስመለስ ቱቦውን አየሁት።» ዓይኑን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ መለሰ። «ነፋስ ነው ይላሉ ብዬ ነበር።»

«እሷን ነው ሊወስዱ የነበረው» አለች ሎይስ።

«አውቃለሁ።»

ፖሊሱ ከበሩ ተነሳ። ዋይኖ ሳይነገረው ቆመና ኮቱን ቆለፈ። ኢርያ አሁንም ከወንበሯ አልተነሳችም። ነፃ መውጣቷን የሰማች አትመስልም።

«ጋሽ ዋይኖ» አለች። «አርቮ ወዲያው ሞተ ነው ያሉኝ። እውነት ነው?»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ክላይድ ወለሉን ያያል።

«ገመዱን ቆርጬ ልነሳ ስል በስሜ ጠራኝ» አለ ዋይኖ። «ዋይኖ ነህ? አለኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ሄድኩ።»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው። በሩ ተከፍቶ ቀረ፤ በረዶው እየተሽከረከረ ወለሉ ላይ ያርፋል። ክላይድ ቆቡን በእጁ እያዞረ አንድ ነገር ሊላት ወደ እሷ ተራመደ።

«በሩን ዝጋው» አለችው ኢርያ። «ቤቱ እየቀዘቀዘ ነው።»