የፍቅርተማርያም ጉበት

ድብ ባሕር ገበያ ዳር፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ናዝራዊት የዳኛው ማኪና ውስጥ ገባች። ሳጥኑን ከጭኗ አላወረደችም።

ዳኛው የስለላ አለቃዋ ነው። የሚስጥር ስሙ «ንብ»። ጎንደር አራዳ ካለው የግል ላቦራቶሪ ሴል ለውጭ ገዢ የሚሸጥ ሰው አለ ብሎ የላካት እሱ ነው። ሰባት ወር አመተ ሥላሴ በሚል የሐሰት ስም እዚያው ሠራች። ከታማሚ በተወሰደ፣ ወደ ሌላ አካል ማደግ በሚችል ስቴም ሴል ላይ በየሁለት ቀኑ ማሳደጊያ ፕሮቲን ጠብ ታደርጋለች። ሴሎቹም ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ጉበቶች ይሆናሉ። መድኃኒት የሚሞከረው በእነሱ ላይ ነው።

ሳጥኑ የያዘው የዘጠኝ ዓመቷን የፍቅርተማርያምን ጉበቶች ነው። የሚያድናት መድኃኒት የቱ እንደሆነ ነገ ይለያል። ሌላ ናሙና ከእንግዲህ አይወሰድም፤ የልጅቷ ደም አልረጋ ብሏል።

ዳኛው ለማስረጃ ፎቶ አንስቶ ከመምሸቱ በፊት እንደሚመልሰው ነግሯታል።

«ያራት ቀን ምግባቸውን ይዘሻል?» አላት።

ጠዋት ሴሎቹን መግባቸው ነበር። ማታ ለሚመለስ ሳጥን ያራት ቀን ምግብ ምን ይሠራል?

ሻጩ እሱ ነው።

ዳኛው ፊቷን አየና ሽጉጡን አወጣ።

«ገዢዎቹ እዚያው ይመረምሩታል። የልጅቷን መድኃኒት ይልኩልሻል፤ ቃሌ ነው።»

አላመነችውም። ማመን ግን ፈልጋ ነበር፤ እግዜር ያውቃል።

ክዳኑን ከፈተች። የሚሸጥ እንዳይኖረው የእጅ ማጽጃ አልኮሏን ጉበቶቹ ባሉባቸው ሳህኖች ላይ ገልብጣ ገደለቻቸው።

በሩን ከፍታ ዘለለች።

መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቶ ስለነበር አልተኮሰም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች። ኬላው ላይ ያዙት። ጎበዝ ብለው አመሰገኗትና ለማንም ምንም ሳትናገር ዛሬውኑ ከጎንደር እንድትወጣ አዘዟት።

አልቻለችም። መጀመሪያ ልጅቷ ወደተኛችበት ሆስፒታል ሄደች። የልጅቷ አባት አያ ወልደኢየሱስ፣ የመካነ ብርሃን ገበሬ፣ በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ያች የምትመግቢያት ጉበት ሸጋ አድጋለች?»

እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ትእዛዙ ግን ዝም በይ ነው።

«ነገ ሐኪሙ ይነግርዎታል፣ አያ።»

ሽማግሌው እጇን ይዘው ሳሙት።

«ምነው እጅሽ ቀዘቀዘ? ይባርከው፣ ልጄ።»

በባሕር ዳር ሚኒባስ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ስሟን ጠየቀቻት። ይመኙሽ እባላለሁ አለች። ከዚያ እስከ አዘዞ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።