በሌላ ሰው አፍ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፉም። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መነጽራቸውን አውልቀው ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት።

«ከኔ ክፍል ምን እንደምትጠብቁ ልንገራችሁ» አሉ። «ሰዋስው የምትጠብቁ ካላችሁ፣ እሱን እስከ ዛሬ ካልተማራችሁት አሁን አልደርስላችሁም። እዚህ የምናነበው ሙሉ መጽሐፍ ነው። የምንጽፈውም የራሳችንን ነው። በዚህ በር ከገባችሁ በኋላ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ አልሰማም። የሰው ጽሑፍ ይዞ የመጣ ዜሮ ያገኛል፤ ቢያለቅስም ልቤ አይራራም።»

የኋላ ወንበር ሰዎች አጉረመረሙ።

«ደግሞ የጻፋችሁትን ራሳችሁ አታነቡም» ብለው ቀጠሉ መምህሩ። «አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ያነብላችኋል። ጥሩ ጽሑፍ በሌላ ሰው አፍም መቆም አለበት።»

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ይህ ሕግ ነው።

በመስኮቱ በኩል ባለው ረድፍ የምትቀመጠውን ልጅ «መርፌ» ይሏታል። እናቷ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ምላሷ ስለሚወጋ ነው የሚሉም አሉ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ግን ያ ምላስ አይታወቅም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አንድ ቃል አጣማ አንብባ አስተማሪው ሳይቀሩ ስቀውባት ነበር። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ አፏን አልከፈተችም። በእናቷ ሱቅ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ስንት መጽሐፍ እንደጨረሰች የሚያውቅ የለም።

አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ «ሽማግሌው» ይባላል። አንድም ሽበት የለውም። ሁለት ሰው በተጣላ ቁጥር መሃል ገብቶ «ተዉ እንጂ፣ ይሄ ምን ያጣላል» ስለሚል ያወጡለት ስም ነው። ኳስ ሜዳ ላይ በራሱ ቡድን ላይ ያለ አግባብ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ «ይሁንላቸው» ብሏል እየተባለ ይቀለድበታል።

«ዘንድሮ አንቺን ላነብ ነው» አላት በመጀመሪያው ሳምንት።

«ታድለህ።»

«የእጅ ጽሑፍሽ ይነበባል?»

«ያንተስ አፍ ይከፈታል?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን መሃላቸው አስቀምጣው የነበረውን ቦርሳ አንሥታ እግሯ ሥር አደረገችው። ለሌላ ሰው አድርጋው አታውቅም።

ቀስ በቀስ ተላመዱ። የእሱን ጽሑፍ ግን በሌላው ጎኑ ያለው ልጅ ያነብለታል፤ እሷ ለማንበብ አልተነሣችም። የከበዳት ቃል ሲኖር ጣቷን ታስቀምጥበታለች፤ እሱም ድምፅ ሳያሰማ በከንፈሩ ብቻ ይልላታል። ከንፈሩን እያየች ቃሉን ትይዛለች። ቃሉን ከያዘችው በኋላም ከንፈሩን ማየት የማትተውበት ጊዜ እየበዛ መጣ። አንዳንዴ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ያኔ ሁለቱም ከመስኮቱ ውጭ ትልቅ ጉዳይ ያለባቸው ይመስላሉ።

በሁለተኛው መንፈቅ መምህሩ ትልቁን ጽሑፍ አዘዙ። ርዕሱ «የማውቀው ክፍል» ነበር። ከሁሉ የበለጠው በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ይነበባል ተባለ።

መርፌ የጻፈችው ስለ እናቷ መለኪያ ክፍል ነው። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ሰዎች ሜትሩ ወገባቸው ላይ ሲደርስ ትንፋሻቸውን እንዴት እንደሚውጡ፣ እናቷ እንዴት አይታ እንዳላየች ሆና ጥቂት ጨምራ እንደምትይዝላቸው። «እናቴ የምትለካው ሰው መምሰል የሚፈልገውን አይደለም፤ የሚተነፍስበትን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። እሱን ስትጽፍ ከጨርቅ ጥቅሉ ላይ ብድግ ብላ በሱቁ ውስጥ ተንጎራደደች።

የንባቡ ቀን ደረሰ። ሽማግሌው ከሳምንት በፊት ለልምምድ የሰጠችውን ወረቀት ይዞ ቆመ። መጀመሪያ ላይ አየት እያደረገ አነበበ። መሃል ላይ ሲደርስ ዓይኑን ከወረቀቱ አነሣ፤ ከዚያ በኋላ አልመለሰውም። የእሷን ቃላት አንድ በአንድ፣ በየቦታቸው፣ ከልቡ እየመዘዘ አወጣቸው። የኋላ ወንበር ሰዎች እንኳን ጸጥ አሉ። መርፌ ፊቷ ሲሞቅ ተሰማት። «በቃሉ ይዞታል» አለች በልቧ። ደስታዋ አንድ ደቂቃ አልቆየም።

«ወረቀቱን ሳታይ ነው ያነበብከው» አሉ መምህሩ። «የሰው ጽሑፍ እንዲህ በቃል አይያዝም። ማን ነው የጻፈው?»

«እሷ ናት፣ ቲቸር።»

መምህሩ ወደ መርፌ ዞሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። በወንድም የተጻፈ፣ በአጎት የተጻፈ፣ ተከፍሎበት የተጻፈ ሲቀበሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «አንቺ» አሉ፣ «በዚህ ክፍል ውስጥ እስከ ዛሬ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ ታውቂያለሽ?»

መርፌ ተነሣች። የዘጠነኛ ክፍሉ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ተመለሰ።

«አንተ ነህ የጻፍክላት?»

ክፍሉ ሁሉ ሽማግሌውን አየ። እሷም አየችው። «አይደለሁም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እሱ ግን ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ።

«ትንሽ… አስተካክዬላት ነበር» አለ።

በዚያች «ትንሽ» ነገሩ አለቀ። ለእሷ ዜሮ። ጽሑፉ ለእሱ ተሰጠ፤ ከሁሉ የበለጠ ነው ተብሎም በወላጆች ቀን በስሙ እንዲነበብ ተወሰነ።

ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«ስሚኝማ፣ እንዲበርድ ብዬ ነው…»

«ምኑ?»

«ነገሩ። 'አስተካክያለሁ' ካልኩ ግማሽ ማርክ ይሰጥሻል ብዬ—»

«ምኑን ነው ያስተካከልከው? አንድ ቃል ጥራልኝ።»

ራሱን አከከ።

«አንድ ነጠላ ሰረዝ! እሷን ጥራልኝና ልሂድ!»

«የለም» አለ በቀጭን ድምፅ። «አልነካሁትም።»

«ሽማግሌ ነኝ ትላለህ፤ አንተ እኮ ያስታረቅከው ውሸትን ከመምህሩ ጋር ነው። እኔን ለመታረቂያ ሰጥተህ!»

ደረጃውን ወርዳ ሄደች። ከዜሮው ይልቅ ያቃጠላት ሌላ ነው፤ ያን ጽሑፍ በእሱ ድምፅ ስትሰማ ወድዳው ነበር።

እናቷ ነገሩን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«የልጁ እናት ልብስ ሰፊ ናት?»

«ኧረ ፋርማሲ ነው ያላቸው፣ እማ።»

«ታዲያ የኔን ሱቅ ከየት አመጣው? በክኒን ነው የሰፋው?»

መርፌ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። እናቷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ወላጅ ተብዬ ተጠርቼ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ፊት ወንበር ተቀምጬ፣ የገዛ ሱቄን በሰው ልጅ ስም ልሰማ ነው? ለዚያውም ላጨበጭብ?»

ይህን ስትል ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሟል። በእጁ ፌስታል ይዟል።

«ሱሪ… ላሳጥር ነበር» አለ።

እናቷ የለበሰውን አየችው። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል። «አንተ ልጅ፣ ያንተ ሱሪ የቸገረው ማስረዘም ነው» አለች። ከዚያ ልጇን አየች፣ እሱን አየች፣ የተበጠሰ ክር የምትፈልግ መስላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ጆሮዋ ግን አብሯቸው ነበር።

«በቃልህ እንዴት ያዝከው?» አለች መርፌ፣ ሳታየው።

«ሳነበው፣ ሳነበው።»

«ለልምምድ?»

«ለልምምድ ሁለት ጊዜ ይበቃኝ ነበር።»

«ሌላውስ ለምን ነበር?»

ፌስታሉ እጁ ውስጥ ተንኮሻኮሸ።

«ስለምወድሽ» አለ። «መምህሩ ሲጠይቁኝ ይህን ማለት ነበረብኝ። ያን ሁሉ ፊት ሳይ… ፈራሁ።»

መርፌ ይህን ቃል ከእሱ አፍ ስትጠብቅ ኖራለች። በሆነ ቀን፣ በሆነ ጥግ ይመጣል ብላ አስባው ታውቃለች። አሁን ሲመጣ ግን በንዴቷ ላይ ነዳጅ ሆነ።

«ያን ቀን ብትለው ኖሮ ቆንጆ ቃል ነበር» አለች። «ዛሬ የጉዳት ካሣ ይመስላል። አንተ ላለማፈር ብለህ እኔን አዋረድከኝ። እዚህ መጥተህ ለኔ ሹክ ብትለኝ ምን ይሠራልኛል? እኔ ማን እንደጻፈው አውቃለሁ!»

«ምን ላድርግ?»

«ማስተካከል ትወድ የለ? ያበላሸኸውን እዚያው ሂድና አስተካክል።»

በማግስቱ ሽማግሌው መምህሩ ገና ሳይቀመጡ ተነሣ።

«ቲቸር፣ ዋሽቻለሁ። ከጽሑፏ አንዲት ፊደል አልነካሁም። በቃሌ የያዝኩት ደጋግሜ ስላነበብኩት ነው። ደጋግሜ ያነበብኩት ደግሞ ልጅቷን ስለምወዳት ነው።»

ክፍሉ ፈነዳ። ዴስክ ተደበደበ፣ ተፏጨ። «ሽማግሌው ጉድ አፈላ!» አለ አንዱ ከኋላ፣ በተከለከለው ቋንቋ። መምህሩ እንኳን ፈገግታቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

«ይህን ያህል ከደፈረ እውነት መሆን አለበት» አሉ። «እንግዲህ ዜሮው ተነሥቷል። ተቀመጡ።»

ሁሉም ሳቀ። ነገሩ ጣፋጭ ሆኖ ሊያልቅ ነው። መርፌ ግን ተነሥታ ቆመች።

«እኔ አልጨረስኩም» አለች። «ያን ቀን ይሄ ልጅ 'እኔ አስተካከልኩት' አለ፤ ሌባ ሆንኩ። ዛሬ ይሄው ልጅ 'የእሷ ነው' አለ፤ ንጹሕ ሆንኩ። በመሃሉ እኔን የጠየቀኝ ማነው? ጽሑፌ የኔ ለመሆን የግድ አንድ ወንድ ሊወደኝ ይገባል?»

ሳቁ ቆመ።

«እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ» አሉ መምህሩ። «እዚህ ፊቴ ተቀምጠሽ አንድ ገጽ ጻፊልኝ፤ ጥርጣሬውም በዚያው ያልቃል።»

«አልጽፍም! ከዚህ ክፍል ሌላ ማንን እንደዚህ አስቀምጠው አጽፈዋል? ዝምታዬን አይተው ባዶ ነች አሉ። እኔ ዝም ያልኩት ስለተሳቀብኝ ነው። የሚስቅ ካለ አሁንም ይሳቅ፤ እኔ ግን ሁለተኛ ዝም አልልም።»

ሁለት ሦስት ቃል ጠምሞባታል። ማንም አልሳቀም። ያን ሁሉ ስትናገር በእንግሊዝኛ እንደነበር ያወቀችው ከጨረሰች በኋላ ነው።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላ ማንንም እንዲህ አልጠየቅሁም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በድዬሻለሁ። ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ?»

«በወላጆች ቀን ራሴ አነባለሁ።»

«የክፍላችን ሕግ—»

«ቲቸር፣ እዚህ ያደረሰን እሱ ነው።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተፈቀደ።

በወላጆች ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መርፌ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ቃል ተሰናከለባት፣ ከመሃል ረድፍም አንድ ሰው ኪኪ አለ። ንባቧን አቆመች። ወደ ሳቁ አቅጣጫ አየች፤ ጸጥታው እስኪመለስ ጠበቀች። ቃሉን ደግማ አነበበችውና ቀጠለች። ቋንቋውን ብዙም የማታውቀው እናቷ ፊት ወንበር ላይ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ጽሑፉ ገና ሳያልቅ ብቻዋን ታጨበጭባለች። ሽማግሌው አጠገቧ ተቀምጦ «ገና ነው፣ ገና ነው» ይላታል። «አንተ ዝም በል፣ ልጄ ናት» ትለዋለች፤ ታጨበጭባለችም።

ሲያልቅ አዳራሹ ተነሣ።

በሩ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። ከሱቁ ቀን ወዲህ ብቻቸውን ቆመው አያውቁም።

«አሁንም ተናደሻል?»

«አዎ።»

«በኔ?»

«ባንተም፣ በሌላውም። ያንተ እየቀነሰ ነው» አለች፣ ሌላ አቅጣጫ እያየች። «ግን ዛሬ ያልቃል ብለህ እንዳትጠብቅ።»

ይህን ሲነጋገሩ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ከእንግዶች ጋር ሲያልፉ አዩዋቸውና ቆሙ። የሽማግሌውን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረጉት።

«ጎበዝ! በጣም አሳምረህ አርመህላታል፤ ሰማን እኮ!»

መርፌ ደሟ ፈላ። አፏን ልትከፍት ስትል ከአጠገቧ አንድ የማታውቀው ድምፅ ቀደማት።

«ማን ነው ያረመላት?» አለ ሽማግሌው። ጮክ ብሎ ነው፣ እንግዶቹ ሁሉ ዞሩ። «እኔ ምንም አላረምኩም! ራሷ ጻፈችው፣ ራሷ አነበበችው፣ እናንተም ቁጭ ብላችሁ ሰማችሁ። አሁንም ካልበቃችሁ ምን ታድርግላችሁ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ምስጋናውም ይቅርታውም የሚገባው ለእሷ ነው!»

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ደነገጡ። «አይ… እኔማ በደግ ነው…» እያሉ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ ወደ መርፌ ዞረው «ይቅርታ፣ ልጄ» አሉና እንግዶቻቸውን ይዘው ሄዱ።

ሽማግሌው የምክትል ርዕሰ መምህሯን ጀርባ እያየ ቀረ። በሕይወቱ ትልቅ ሰው ላይ ጮሆ አያውቅም።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችው።

«ተናድጄ ነው።»

መርፌ ቀና ብላ አየችው፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ያምርብሃል» አለች። ያን የሚንቀጠቀጥ እጅ ያዘችና፣ ያ ሁሉ ወላጅ፣ ያ ሁሉ የኋላ ወንበር ሰው እያያቸው፣ በበሩ መሃል ይዛው ወጣች።