ለሽያጭ የተመረገው ግድግዳ

ይህን ማመን የማይፈልግ ካለ ከወዲሁ ይለፈው፤ አልቀየመውም። በእውነት የሆነ ነገር ነው። ህይወት አብሮ አደጌ ናት፤ የምጽፈውም ራሷ የነገረችኝን ነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ።

ቅዳሜ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦንጋ። ገዢ ቤት ልታይ የምትመጣበት ሰዓት...

ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ህይወት ጅማ ነው የምትሠራው። እናቷ እትዬ በዛወርቅ ቦንጋ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ መርሳት ጀምረዋል። አንድ ቀን ከከተማው ወጥተው ማንኪራ መንገድ ላይ ዝናብ እየመታቸው ሲሄዱ ጎረቤት አግኝቶ መለሳቸው። ያኔ ህይወት ቆረጠች። ቤቱ ይሸጣል፣ እናቷን ይዛ ትሄዳለች።

"ልጁን ትቼ የትም አልሄድም" አሉ እናቷ።

"የቱን ልጅ እማዬ? ልጅሽ እኔ ነኝ።"

ህይወት የመርሳቱ ነገር ነው ብላ አለፈችው። ቤቱ ከተሸጠ መቼም ወደው ሳይሆን ግድ ሆኖባቸው ይሄዳሉ። ከሥራ የወሰደችው ፈቃድ ሳያልቅ ገዢ ካልተገኘ ግን ብቻቸውን ጥላቸው መመለሷ ነው።

ደላላው ሰላሐዲን ቤቱን ዞሮ አየና አፉን አጣመመ።

"እንዲህ ሆኖ ማን ይገዛዋል? የሳሎኑ ጭቃ ረግፏል እኮ። አስመርጊው፣ ኖራ ይቀባ።"

የምርጊት አፈር በመኪና ነው የሚመጣው። ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት መኪናው አልወጣም አለ። ለምርጊቱ የቀጠረችው ሠራተኛ ፈለቀ "ከጓሮ ብንቆፍርስ?" አለ። ህይወትም እሺ አለች።

ምነው አፏን በቆረጠው።

ፈለቀ ከእንሰቱ ሥር መቆፈር ሲጀምር እትዬ በዛወርቅ እየጮኹ ወጡ።

"እዚያ አይደለም! እዚያ አትንኩ!"

"እማዬ፣ አፈር እኮ ነው።"

"ልጁ አለ..."

ህይወት እቅፍ አድርጋ ወደ ቤት መለሰቻቸው። ፈለቀ ከአፈሩ ውስጥ የበሰበሰ የነጠላ ቁራጭ አገኘ፤ አራግፎ ወደ አጥሩ ወረወረው። አፈሩን ከጭድ ጋር በእግሩ ረግጦ አቦካና ሳሎኑን መረገ። ሲደርቅ ኖራ ቀባው።

አምሮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ህይወት ወለሉን ስትጠርግ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ... እጅ አየች።

የሕፃን እጅ። አምስቱም ጣት።

የጎረቤት ልጅ ሳይደርቅ ነክቶት ይሆናል አለች። ልትዳስሰው ጎንበስ አለችና እጇን ሰበሰበች።

ሰው እርጥብ ጭቃ ላይ እጁን ቢያሳርፍ ጭቃው ይጎደጉዳል።

ይሄኛው ግን ወደ ውጭ ነበር ያበጠው።

ከውስጥ የሆነ ነገር የገፋው...

ፋቀችው። ኖራ ደገመችበት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ከፍ ብሎ። አድጎም ነበር።

ከኋላዋ እናቷ ቆመዋል።

"አንቺ ሳትወለጂ ነው" አሉ በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ወንድምሽ። ክርስትና ሳይነሳ ሞተብኝ። ክርስትና ያልተነሳ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም አሉ። አባትሽ ከእንሰቱ ሥር..."

"በቃ እማዬ! በቃ!"

ምን ታድርግ? ገዢዋ ለቅዳሜ ተቀጥራለች። ቁም ሳጥኑን እየጎተተች አመጣችና እጁ ላይ አስጠጋችው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰላሐዲን ትሁት የምትባል መምህርት ይዞ መጣ። ትሁት ሳሎኑን ወደደችው። ጓሮውንም ወደደችው። ህይወት ፈገግ እያለች ትከተላለች።

ትሁት ቁም ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

"ልጅ አለ እንዴ?"

"የለም..."

"ታዲያ የሚያንኳኳው ማነው?"

ኳ...

ኳ...

"አይጥ ነው" አለ ሰላሐዲን። ደላላ ገዢ ፊት አይጥ አለ ብሎ ካመነ፣ ምን ያህል እንደደነገጠ እናንተው ገምቱ።

ቁም ሳጥኑ ትንሽ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። ማንም አልነካውም።

ከዚያ ጸጥ።

ሰላሐዲን ቁም ሳጥኑን ገፋው። ግድግዳው ተቀዷል። ሕፃን የሚያሾልክ ቀዳዳ... የጭቃው ፍርፋሪ ሁሉ ወደ ሳሎኑ ነው የረገፈው።

ትሁት ቦርሳዋን አንስታ ሮጠች። ሰላሐዲንም ተከተላት። አለቀ። ቤቱ አልተሸጠም፣ እናቷም አይሄዱም።

ዘወር ስትል እትዬ በዛወርቅ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን ለብሰዋል። አንድ እጃቸው ወደ ታች ወርዶ ጣቶቻቸው ጨበጥ ብለዋል።

ፈገግ አሉ።

"በይ እንሂድ። አሁን ወጥቷል።"

ህይወት በሩን እንኳ አልቆለፈችም። መንገድ ላይ ባጃጅ አስቆመች፤ ወደ መናኸሪያ። ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ።

"ጠጋ በይ" አሉ እናቷ።

"ለማን?"

ጠጋ አለች። በመሃላቸው ያለው ባዶ ወንበር ቀስ ብሎ ሰረጎደ...

ሹፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ።

"ልጁን ያዙት እንጂ! መንገዱ ጎርባጣ ነው።"

ህይወት ወደ ጎን ማየት አልደፈረችም። ፊቷን ወደ ውጭ እንዳዞረች እጇን ብቻ ዘረጋች።

ትንሽ እጅ ያዛት።

እርጥብ ነበር።