እስከ ስምንት

«ስንት በራ?» አለ ስሜነህ ኬብሎቹ ከሚገናኙበት ክፍል በስልክ።

የወርቅውሃ መሰላሉ ላይ እንደቆመች በእጇ የያዘችውን ትንሽ የኬብል መፈተሻ ቴስተር አየች። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ተራ በተራ በሩ። አራትና አምስት ታለፉ። ስድስት ብልጭ አለች። ሰባትና ስምንት ጨለማ ናቸው።

«ወርቄ፣ ትሰሚያለሽ? ስምንቱም በራ ወይ?»

ከኮርኒሱ በወጣው አሮጌ ኬብል ጫፍ ላይ የቁስል ፕላስተር ተጠምጥሟል። ቢጫ ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል፦ «ቤተ መጻሕፍት። ወርቄ ይዛልኝ።»

«ስምንቱም በርቷል» አለች።

መሰላሉን ከሥር የያዘው የኮምፒውተር ክበብ ጓደኛዋ መሳፍንት ቀና ብሎ አያት።

ቆሰበር የሚገኘው ትምህርት ቤታቸው ዋይፋዩን እያደሰ ነበር። የድሮዎቹ መሣሪያዎች መብራት የሚያገኙት ከግድግዳ ሶኬት ነበር፤ አዲሶቹ ዋይፋይ አሰራጮች፣ አክሰስ ፖይንቶቹ፣ ግን መብራቱንም ኔትወርኩንም የሚወስዱት በዚያው በአንድ ኬብል ነው። ስለዚህ በኬብሉ ውስጥ ያሉት ስምንቱም ሽቦዎች ጤነኛ መሆን አለባቸው፤ ከጎደሉ መሣሪያው ሰው ሲበዛበት ኃይል ያንሰውና ይጠፋል። ከባሕር ዳር የመጣው ቴክኒሺያን ስሜነህ ለኮምፒውተር ክበቡ ልጆች ጠዋት ሲነግራቸው አላንዛዛም። «ስምንቱም ከበራ ይቀመጣል። አንድ ከጎደለ ይነቀላል።»

እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ኬብል ተነቅሎ ከወርክሾፑ ጀርባ ዝናብ ላይ ተጥሏል። ሁሉም ጫፋቸው ላይ ፕላስተር ነበራቸው። ሁሉንም የዘረጋቸው የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ የነበረው አባቷ ደርበው ነው።

ከሞተ ዓመት አልፎታል። ከሙት ዓመቱ በኋላ እናቷ ልብሱን አዘና ላሉት ዘመዶች ሰጠች። ጃኬቱ እንኳ ሲሄድ የወርቅውሃ አልከለከለችም፤ ጠረኑ ቀድሞ ለቆት ነበር። እሷ የምትፈልገው ጽሕፈቱን ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ቤት ውስጥ የእጁ ጽሑፍ ያለበት አንድም ወረቀት ብታጣ፣ እዚህ ኮርኒስ ሥር ግን ስሟን ጽፎታል።

ይህን ኬብል ሲዘረጉ ስምንት ዓመቷ ነበር። የኬብሉን ጥቅል ይዛለት እሱ ይጎትታል። ሽቦዎቹን በአዊኛ እየቆጠረ ያስደግማታል፤ ስትሳሳት ከላይ ሆኖ ይስቃል። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ጥቅሉ አለቀበት። ከቁርጥራጭ ቀጠለና አራቱን ሽቦ ብቻ አገናኝቶ በናስትሮ ጠመጠመው። «ለጊዜው አራቱ ይበቃሉ» አላት። «አዲስ ጥቅል ሲመጣ እስከ ስምንት እንቆጥራለን።»

ይህን ረስታው ነበር። አሁን መብራቶቹ ሲዘሉ ነው ትዝ ያላት።

ስሜነህ መጥቶ አዲሱን መሣሪያ ሰቀለው። አረንጓዴ መብራቱ በራ። ሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በኮምፒውተር የሞዴል ፈተና ያለባቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለሙከራ ገቡና ተቀመጡ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ መሣሪያው ጠፋ፣ በራ፣ ደግሞ ጠፋ።

«ኧረ ፈተናው ወጣብኝ!» አለች የነወርቄ ጎረቤት ርሆቦት። «ከመጀመሪያው ጀምሪ ይለኛል!»

«ሰኞም እንዲህ ሊጫወትብን ነው?» አለ ከኋላዋ ያለው ልጅ።

ስሜነህ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ከዚያ መሣሪያውን አወረደው። «ይሄ ከፋብሪካው ተበላሽቶ ነው የመጣው። ባሕር ዳር ወስጄ አስቀይረዋለሁ። ለሰኞ አይደርስም።»

መሳፍንት የወርቅውሃን በመደርደሪያዎቹ መሃል ስቦ ወሰዳት። «አራት ነው የበራው። አይቻለሁ።»

«ዝም በል።»

«አቦ፣ ለአንድ ሽቦ ብለሽ...»

«ሽቦ አይደለም!»

መሳፍንት ወደተንጠለጠለው ኬብል አየ። ፕላስተሩን ሲያነብ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «የጋሼ ደርበው ነው እንዴ?»

ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ አልናገርም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ርሆቦት ሦስቴ ወጣባት።»

ስሜነህ ካርቶኑን ሊያሽግ ሲል የወርቅውሃ አጠገቡ ቆመች።

«ጋሼ ስሜነህ፣ መሣሪያው ደህና ነው። የበራው አራት ነበር።»

«ምን?»

«ዋሽቼዎት ነው።»

«እንዴ! ለምን?»

«አባቴ ነው የዘረጋው። ሌላውን ሁሉ ነቀላችሁት።»

ስሜነህ ፕላስተሩን አየ፤ ከዚያ እሷን። «አራት ብቻ ከሆነ መሃል ላይ ተቀጥሏል ማለት ነው። የት ጋ ነው የቀጠለው?»

«ከሦስተኛው መስኮት በላይ።»

መሰላሉን ወስዶ የኮርኒሱን ሰሌዳ ገፋ። ቅጥያውን በጣቱ ዳሰሰው። «ሥርዓት ያለው እጅ ነበረው» አለ በመጨረሻ። «በአራት ሽቦ ይህን ያህል ዓመት!»

«ይነቀላል?»

«ይነቀላል። ግን እንደነዚያ አይደለም። ይሄኛው በግድግዳው ውስጥ በጠባብ ቱቦ ነው የሚያልፈው፤ አዲሱን ብቻውን ብንገፋው አይሄድልንም። የአዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጭራ ጋር አስረዋለሁ። አንቺ ከዚህ ስትስቢው ይዞት ይመጣል። በኃይል እንዳትጎትቺ።»

ኬብሎቹ ወደሚገናኙበት ክፍል ሄዶ ደወለላት። «ታስሯል። ሳቢ።»

ሳበች። ኬብሉ እጇ ላይ አቧራ እየተወ ይወጣል። ቀስ፣ ደግሞ ቀስ። እንዳያልቅባት የፈለገች ይመስል አንዳንዴ ታቆማለች፤ መሳፍንትም አያቻኩላትም። አሮጌው ከመሰላሉ ሥር ተከመረ። በመጨረሻ ቋጠሮው ከቀዳዳው ብቅ አለ፤ ከኋላው አዲሱ ሰማያዊ ኬብል።

ፕላስተሩን በጥንቃቄ ላጠችና ደብተሯ ውስጥ አጣበቀችው። መሳፍንትን ከመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ አዲስ ፕላስተር አስመጣችው። አዲሱ ኬብል ላይ ጠመጠመችና በእስክሪብቶ ጻፈች፦ «ቤተ መጻሕፍት። አባዬ ይዞልኝ።»

ስሜነህ ሁለቱንም ጫፍ አስሮ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ቴስተሩን ሲሰካ ስልኳ ጠራ።

«እህስ ወርቄ፣ ስንት በራ?»

«ቆይ፣ ልቁጠር» አለች። ከዚያ ድምፅ አውጥታ፣ በአዊኛ፣ ከአንድ ጀመረች። አራት ላይ አላቆመችም።