የጭስ ሰብሳቢዋ የመጨረሻ ገጽ

ሬሳው በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ የወረቀት መቁረጫው የብረት እግር ሥር ወድቆ ነበር። ሟቹ ውብሸት ይባላል፤ ወደ ሊቢያ ለመሻገር መጥቶ ሥዕል ካርቱም ላይ ያስቀረው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ከሳሊህ ማተሚያ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጦ «ጭስ ሰብሳቢዋ» የምትባለውን ተከታታይ ኮሚክ ይስል ነበር። ጀግናዋ ሻይ ሻጭ ናት፤ ወታደር በሰልፈኛው ላይ የሚተኩሰውን ቡምባን፣ ያንን አስለቃሽ ጭስ፣ እንደ ነጠላ በተከናነበችው ቶብ ጫፍ ጠቅልላ ታጠፋዋለች። አብዮቱ ሲፈነዳ ስንቱ ወጣት ግድግዳው ላይ ለጥፏት ነበር። መፈንቅለ መንግሥቱ ከመጣ ወዲህ ግን እሷን ኪስ ውስጥ ይዞ መገኘት ያስደበድባል።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሳሊህ፣ ሹርጣውን፣ ፖሊሱን፣ ከመጥራቱ በፊት ወይዘሮ ጸሐይወርቅን አስጠራ። ጸሐይወርቅ በደጉ ዘመን የጎንደር ፖሊስ ወንጀል መርማሪ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ በመተማ ተሻግረው ካርቱም ቀሩ፤ ሐበሻ ሲሞት እንዴት እንደሞተ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ሥራቸው እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

ሬሳው አጠገብ ተንበርክከው ጣቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። ያለቀለት ገጽ ተዘርግቷል፤ አንድ ትልቅ ሥዕል ነው። ጭስ ሰብሳቢዋ ድልድይ ላይ ቆማለች፣ የቶቧ ጫፍ በግራ ትከሻዋ ላይ ይውለበለባል፣ ከኋላዋ ሕዝቡ እጁን አንሥቷል። ሰማዩ በጥቁር ቀለም ጥቅጥቅ ብሎ ተሞልቷል። ጸሐይወርቅ መሳቢያውን ከፍተው የቆዩትን የእጅ ሥዕሎች አወጡ፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የታተመ ሽፋን ጋር እያስተያዩ ቆዩና መሳቢያው ውስጥ መልሰው ከተቷቸው።

«በሩን ማን ከፍቶ ማን ዘጋ፣ ሐጂ?» አሉ።

«እኔው ነኝ» አለ ሳሊህ። ከራያ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ የደረጃው መግቢያ በሱቁ በር አጠገብ ነው። «ጠዋት ደራሲው ዳውድ መጣ። ከጁምዓ በፊት ወረደና አብረን መስጊድ ሄድን። ግቢውን በቁልፍ ዘግቼ ነው የሄድኩት። ስመለስ እጮኛው ጀሚላ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፣ ከፈትኩላት። ወዲያው እያለቀሰች ሮጣ ወርዳ ወደ ውጭ ወጣች። ጠራኋት፣ አልሰማችኝም። ወደ ላይ ብወጣ ልጁ ሞቷል።»

«ጠዋት አንተ ወደ ላይ ወጥተሃል?»

«ሻይ ላደርስለት ወጥቻለሁ። ዳውድ ከመምጣቱ በፊት።»

አንድ የፖሊስ አሥር አለቃ መጥቶ ሬሳውን አስነሣ። ነገሩን እዚያው በቁሙ ጨረሰው፤ መጨረሻ የገባችው ልጅቷ ናት፣ ስለዚህ የገደለችውም ልጅቷ ናት። «ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገ ከዓስር ሶላት በኋላ እንወስዳታለን» ብሎ ሄደ።

ጀሚላ ሸሽታ የገባችው ጸሐይወርቅ ቤት ነበር። ከድልድዩ ማዶ፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ በሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ ከውብሸት ጋር ሊጋቡ ነበር። ጸሐይወርቅ ሲገቡ ትንሿን ቦርሳዋን አንግታ አገኟት።

«ወዴት ነው?»

«ማዮ ሰፈር ጓደኛ አለችኝ፣ እትዬ። እዚያ ማንም አያገኘኝም።»

«የሸሸ ወንጀለኛ ይባላል። ቁጭ በይና ንገሪኝ።»

«ዓርብ እረፍቴ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት እመጣና ጥቁሩን እሞላለታለሁ። እሱ መስመሩን ይሠራል፤ ጥቁር የሚሆነው ቦታ ላይ በእርሳስ የመስቀል ምልክት አድርጎ ይተውልኛል። ዛሬ ኩብሪው፣ ድልድዩ፣ ተዘግቶ ዘገየሁ። ስገባ... ወላሂ ስገባ ቀዝቅዟል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም፤ ፓስፖርቴን ማዳሟ ይዛዋለች። ፈራሁ። ሳልጮኽለት ወጣሁ።» ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ጮኾ የሚያለቅስለት ሰው እንኳ አጣ።»

«የመጨረሻው ገጽ ምን ነበር?»

«ጭስ ሰብሳቢዋ ትሞታለች። ‹ከእንግዲህ እሷን በሕይወት መሳል መዋሸት ነው› ይል ነበር። ለዳውድ ነግሮታል፤ ተጣልተዋል።»

ጸሐይወርቅ ቦርሳውን ከትከሻዋ ወስደው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። «የትም አትሄጂም። እውነቱ ያወጣሻል፣ እኔ አለሁልሽ» አሉ።

ዳውድን በማግስቱ ጠዋት አገኙት። ወላጆቹ ከወሎ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው ካርቱም ነው፤ ዜግነቱም ሱዳናዊ። ድርሰቱን በዓረብኛ የሚጽፈው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች ራሱ ስሏቸው ነበር፤ ውብሸት ሲመጣ ብሩሹን አስረከበው።

«ከጁምዓ በፊት ወጣሁ፣ ኻልቲ፣ አክስቴ» አለ። «ወረቀቱ ባዶ፣ ኸላስ፣ ምንም የለበትም። ‹ያላ ሂድ፣ ዛሬ እጨርሰዋለሁ› አለኝ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው የሣለው። ከዚያ ጀሚላ መጣች።»

«ትሞታለች ብሎህ አልነበረም?»

«ተወው። አሳመንኩት። ታዩታላችሁ እኮ፣ በሕይወት ናት።»

«የእጁን ሥራ ሳይታተም ታያለህ?»

«ላ፣ አላይም። ደራሲ ነኝ፣ ግን እንደ... እንደ አንባቢ መሆን እፈልጋለሁ። መጽሔቱ ሲወጣ ነው የማየው። ውብሸት በዚህ ይስቅብኝ ነበር።»

ከዓስር ሶላት በፊት ጸሐይወርቅ ሦስቱንም ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሰበሰቧቸው። ማሽኑ ቆሟል፤ አዲሱን ቅጽ ለማተም የተቆረጠ ወረቀት ጥግ ላይ ተከምሯል። ገጹን ከፊታቸው አስቀመጡት።

«ግቢው ተቆልፎ ስለነበር ከእናንተ ከሦስታችሁ ውጭ የገባ የለም» አሉ። «ዳውድ ሲወጣ ወረቀቱ ባዶ ከነበረ፣ ውብሸት ከዚያ በኋላ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ያኔ የምትቀረው ጀሚላ ናት። ሹርጣም የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ይህን ገጽ ማን ሣለው የሚለው ነው።»

«ውብሸት ነዋ!» አለ ዳውድ።

«ጣቶቹን አይቻለሁ። ጥፍሩ ሥር የቀለም ነጥብ አልነበረም። ደግሞ እሱ ጥቁር አይሞላም፤ ምልክት አድርጎ ለጀሚላ ይተዋል። ይኸው፣ ሰማዩ በሙሉ ተሞልቷል።»

«ታዲያ እሷ ሞላችው!» ዳውድ ጣቱን ቀሰረ። «ቆይታለች ማለት ነው። ራሷ ናት!»

ጀሚላ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ጸሐይወርቅ ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት።

«እኔም ትንሽ ሰግቼ ነበር» አሉ ጸሐይወርቅ። «ሐጂ፣ ውብሸት የሰጠህን ሥዕል እንዴት ነበር የምታትመው?»

ሳሊህ ሳል አለ። «ገልብጬ ነው። እንደ መስተዋት። ልጁ የአማርኛ ዓይን ነው ያለው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ካልሆነ መሳል አይሆንለትም። ዓረብኛው ደግሞ ከቀኝ ይጀምራል። ስለዚህ ኮምፒዩተር ላይ እገለብጠውና ጽሑፉን ከዚያ በኋላ አስገባበታለሁ።»

ዳውድ አፉን ከፍቶ ቀረ። «መቼ... ይህን ማንም አልነገረኝም።»

«አልጠየቅህም። ስታየው ሁልጊዜ ታትሞ ነው» አሉ ጸሐይወርቅ። መሳቢያ ውስጥ የነበሩትን ሥዕሎች በገጹ ዙሪያ ደረደሯቸው። «በታተመው መጽሔት የቶቧ ጫፍ በግራ ትከሻዋ ነው። እዚያ እንዲያርፍ ውብሸት ወረቀቱ ላይ በቀኝ ይሥለዋል። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም፣ እዩት። ይህ ገጽ ብቻ በግራ ነው። ቢታተም ኖሮ ቶቧ ቀኝ ላይ ይወጣ ነበር። ጀሚላ ሥዕሎቹን በየሳምንቱ በእጇ ትነካለች፤ ይህን አትስትም። ሐጂ ራሱ ነው የሚገለብጣቸው። ጭስ ሰብሳቢዋን ከታተመው ብቻ የሚያውቃት ሰው አንድ ነው። ብሩሽ መያዝም ያውቃል።»

«ቤትህ ሥለኸው ነው ያመጣኸው፤ በጥቁሩ ሳይቀር ያለቀለትን» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ልትገድለው አልመጣህም። ገጹን ልትለውጥ ነው የመጣኸው።»

ዳውድ የማሽኑን ጎን ይዞ ቁልቁል ወረደ፤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሳቀብኝ» አለ። «‹ዳውድ፣ አንተ እስካሁን ታምናለህ?› አለኝ። ጓደኞቼ ሞተዋል፣ ኻልቲ። የአንዱ እናት መጽሔቱን መቃብሩ ላይ አስቀምጣለች። እንዴት ትሞታለች? የሱን ገጽ ልወስድ ስል ያዘኝ፣ ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት።» ከሸሚዙ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት አወጣ። «ይኸው። አላየሁትም። መክፈት አልቻልኩም።»

«እኔን ግን አሳልፈህ ሰጠኸኝ» አለች ጀሚላ። «አብረን በልተናል እኮ፣ ዳውድ።»

ጸሐይወርቅ ወረቀቱን ተቀብለው ለጀሚላ ሰጧት፤ እሷም ሳትከፍተው ደረቷ ላይ ያዘችው።

አሥር አለቃው ከዓስር በኋላ መጣ፤ ኋላው ክፍት በሆነ ቦክስ መኪና፣ ከወታደሮች ጋር። ዳውድ ራሱ ተነሥቶ በዓረብኛ ሁሉንም ተናገረ። አሥር አለቃው ጆሮውን እያከከ ሰማው። ሲጨርስ ጸሐይወርቅን አያቸው፤ የደከመው ሰው ነው እንጂ ክፉ አይመስልም።

«ማሻአላህ፣ ኻልቲ፣ ሥራ አቃለልሽልን» አለ። ከዚያ ወደ ጀሚላ ዞረ። «ኢቃማ?»

ጀሚላ ጸሐይወርቅን አየች።

«ገዳዩ እኮ ተገኘ!» አሉ ጸሐይወርቅ። «ራሱ ተናገረ!»

«እሱ በግድያ ነው የሚታሰረው። እሷን ደግሞ ምስክር ናት ብዬ ብመዘግባት መጀመሪያ የምጠየቀው ወረቀት ነው። ስሟ ትናንት ለአለቃዬ ደርሷል፣ ይዤ ካልተመለስኩ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ወረቀት ካላት ታሳየኝ፣ ትቼያት እሄዳለሁ።»

«ፓስፖርቷ አል-ጣኢፍ ነው፣ አሠሪዋ ጋ። አሁኑኑ ሄጄ አመጣዋለሁ!»

«ኩብሪው ተዘግቷል» አለ አሥር አለቃው። «ነገ ኢንሻአላህ።»

ነገ ወዴት እንደሚወስዷት ጸሐይወርቅ ያውቃሉ፤ እስር ቤት፣ ከዚያም ድንበር። ማዮ ብትሄድ ኖሮ ማንም አይፈልጋትም ነበር። የአሥር አለቃውን ክንድ ያዙ፤ እሱም ቀስ ብሎ አላቀቃቸው።

ጀሚላ አላለቀሰችም፣ አልወቀሰቻቸውምም። ቦክሱ ላይ ወታደሮቹ አግዳሚውን ሞልተውታል፤ የቀረው ቦታ እጁ በታሰረው በዳውድ ጎን ያለው ብቻ ነው። ዳውድ እግሩን ሰብስቦ ጠጋ አለላት። ትንሽ ቆመች። መኪናው ሲነሣ መውደቅ አይቀርምና ተቀመጠች።