ያልጠየቅሁት የልደት ቀን

ጋሊህን ያወቅሁት እግሩ ሲቃጠል ነው።

ከናንጋ እባላለሁ፤ በሶሎ ከተማ ቤተ መንግሥት ሙዚየም አስጎብኚ ነኝ። ወደ ውስጠኛው ግቢ በነጠላ ጫማ መግባት ክልክል ነው፤ ወይ ሽፍን ጫማ ወይ ባዶ እግር። እሱ ያን ቀን ነጠላ ጫማውን አወለቀና የቀትር ፀሐይ ባጋለው ጥቁር አሸዋ ላይ እንደ ፌንጣ ይዘል ጀመር።

«እህቴ፣ የድሮ ነገሥታት ወንጀለኛ የሚቀጡት እንዲህ ነበር እንዴ?»

«ወደ ዛፉ ጥላ ና! የዚህ አገር ሰው አለመሆንህን እግርህ ተናገረብህ።»

«የሰማራንግ ከተማ ልጅ ነኝ፣ የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ። ብረት እንደሚግል አውቃለሁ፤ አሸዋ እንዲህ እንደሚፋጅ ግን ማን ነገረኝ?»

ሳቅሁ። የነገሥታቱን ሠረገላ ሳሳየው እኔን ያያል፤ ጎራዴውን ሳሳየው እኔን ያያል። አልገባኝም ነበር ብል ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት ይመጣ ጀመር። ከዚያው ሳዎ ከሚባል የፍሬ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ብዙም ሳናወራ ሰዓቱ ያልቅብናል። በሦስተኛው ወር የልደት ቀኑን ጠየቅሁት። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ይህን ከጠየቀች ነገሩ ከቀልድ አልፏል ማለት ነው። ከሳምንቱ ሰባት ቀን አንዱ፣ ዋጌና ለጊን ከመሰሉት ከአምስቱ የገበያ ቀን ከአንዱ ጋር ሲጣመር የሰው የልደት ቀን ይሆናል፤ በየሠላሳ አምስት ቀኑም ዞሮ ይመጣል።

«ሐሙስ ዋጌ» አለኝ።

እኔ ሰኞ ለጊ ነኝ። የሙዚየሙን የጥንት መጻሕፍት የሚጠብቁት አዛውንት፣ ፓ ዊርዮ፣ ባስተማሩኝ አቆጣጠር የየቀኖቻችንን ቁጥር በጣቴ ደመርኩ። ሃያ አንድ፤ ሲሳይ የሞላበት ትዳር። በደስታ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐሙስ ዋጌን ከስሜ እኩል ያዝኳት።

ሰርግ የማይደገስበት የሱሮ ወር ሲወጣ ወላጆቹን ይዞ ለጋብቻ ሊጠይቀኝ ቃል ገባ። ሱሮ ወጣ። ጋሊህ ግን ብቻውን መጣ። ዛፉ ሥር ቆመ፤ ዓይኔን አላየም።

«ከናንጋ፣ እናቴ ቀን ቆጣሪ ሽማግሌ ዘንድ ሄዳ ቀናችንን አስቆጠረች።»

«እኔ ቆጥሬዋለሁ እኮ! ሃያ አንድ ነው፣ ሸጋ ነው።»

«የሽማግሌው አቆጣጠር ሌላ ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሳይሞላ እናቴ ትሞታለች አሉ።»

አንዱ መጽሐፍ የባረከውን ሌላው እንደሚረግመው አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ደግሞ እናቴን የቀበርኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ይህንንም ለእሱ ነግሬዋለሁ። እናት የሌለበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ብሎ ይከራከራል?

«ሂድ» አልኩት። «እናትህ ትኑርልህ።»

አለቀሰ። አዎ፣ ያለቀሰው እሱ ነው፤ መሐረብ ያቀበልኩት እኔ። ሞኝነቴ!

ከዚያ ወዲህ በየሠላሳ አምስት ቀኑ፣ የልደት ቀኔ በመጣ ቁጥር ጾምኩ። ለራሴ አልለመንኩም። «የጋሊህን እናት ዕድሜ አርዝምልኝ» እያልኩ ሰባት ጊዜ ጾምኩ። አክስቴ፣ «አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ዛሬ ስለ ማን ነው የምትራቢው?» ስትለኝ ስቄ አልፋለሁ።

አንድ እሑድ የታመመች ባልደረባዬን ተክቼ ገባሁ። እሑድ የዕረፍት ቀኔ መሆኑን ጋሊህ ያውቃል። ለዚህ ነው መሰለኝ ደፍሮ የመጣው። እናቱን ኢቡ ሃርታቲን እና እጮኛውን ራትሪን አስከትሎ በር ላይ ገጠመኝ። ሽፍን ጫማ አድርጓል፤ ትምህርቱን አልረሳም። እኔን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቀጥሎ እንደማያውቀኝ ሰው፣ «ደህና ዋልሽ» አለኝ። እናቱ ናቸው ራሳቸውንና «የልጄ እጮኛ» ብለው ራትሪን ያስተዋወቁኝ፤ እኔም እንደ ደንቡ «ኢቡ»፣ እናቴ፣ አልኳቸው።

አምሮበታል፤ ተጎዳሁ። ሰው መቼም በሰባት ወር ሌላ ማጨት መብቱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እናቱን ግን ገና ሳያቸው ወደድኳቸው። ወፈር ያሉ፣ ሳቂታ፣ ማራገቢያ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። ደረጃ ሲወጡ ክንዳቸውን ደገፍኩ። «እኚህን ሴት በሕይወት ያቆየኋቸው እኔ ነኝ» እያልኩ በልቤ ኮራሁ።

መጻሕፍቱ ያሉበት አዳራሽ ስንደርስ ኢቡ ሃርታቲ አንዱን በማራገቢያቸው ጠቆሙ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«የልደት ቀን የሚቆጠርበት ነው ኢቡ። ለጋብቻ... እርስዎ ያውቁታል።»

«እኔ? ኧረ ወዲያ! አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ቀን ቆጣሪ ደጃችንን አይረግጥም ነበር። እኔም የባሌን ቀን ሳልጠይቅ ይኸው ሠላሳ ዓመት ኖርኩ። ለልጆቼም አንድ ቀን አስቆጥሬ አላውቅም። አይደል ጋሊህ?»

ጋሊህ መጻሕፍቱ ያሉበትን የመስታወት ሣጥን ያያል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለእኔ የጠራው እዚያ፣ በሥራ ልብሴ ቆሜ ነው። ሽማግሌም አልነበሩ፣ ቆጠራም አልነበረ። ዕድሌ አልከዳኝም፤ የከዳኝ እሱ ነው። ደግሞም የከዳኝ በሟች እናቴ ነው። የት ላይ ቢነካኝ ዝም እንደምል ያውቅ ነበር። ሣጥኑን ተደገፍኩ።

«እኔ ግን ደስ ይለኛል!» አለች ራትሪ። «እስቲ ለጨዋታ ቁጠሪልን። እኔ ቅዳሜ ፖን ነኝ።»

«ተዪው ራትሪ፣ ምሳ እየረፈደ ነው» አለ ጋሊህ።

«ምን ቸገረህ? ትቁጠርልን!»

ቆጠርኩ። «ቅዳሜ ዘጠኝ፣ ፖን ሰባት፤ አሥራ ስድስት። ሐሙስ ስምንት፣ ዋጌ አራት፤ አሥራ ሁለት። በጠቅላላው ሃያ ስምንት። መጀመሪያው መከራ ነው፤ ከታገሡት መጨረሻው ይጣፍጣል።»

ራትሪ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን አቋረጠች።

«የኔን ነገርኩሽ። የሱን ማን ነገረሽ?»

አስቤበት አይደለም። አፌ የለመደውን ነው የተናገረው። የኢቡ ሃርታቲ ማራገቢያ ቆመ። ጋሊህ ከበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ይለምነኛል። «ገምቼ ነው» ብል ያልፍ ነበር። አንድ ጊዜ ዝም ብዬለት ነበር፤ ይበቃዋል።

«እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ እዚያ ዛፍ ሥር፤ ሊያገባኝ ሲያስብ» አልኩ። «ኋላም ‹ቀናችን አልገጠመም፤ ብንጋባ እናቴ ትሞታለች› ብሎ ተለየኝ። ኢቡ፣ ለእርስዎ ዕድሜ ሰባት ጊዜ ጾሜያለሁ።»

ራትሪ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ ትታ ስለነበር ባዶ እግሯን ናት። ያን የጋለ አሸዋ ሳትዘል፣ ሳትቸኩል አቋርጣ ወጣች። ጋሊህ ስሟን እየጠራ በጫማው ተከተላት።

ኢቡ ሃርታቲ እጄን ይዘው ቀሩ።

«ለእኔ?» አሉ። «ሳታውቂኝ?»

«አዎ ኢቡ።»

«ምነው እንዲህ ያለ ልጅ ወለድኩ» አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እኔም ያኔ አለቀስኩ።

ቀጥሎ የመጣው ሰኞ ለጊ አልጾምኩም። አክስቴ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ ከነዶሮው አቀረበችልኝና ጠግቤ በላሁ። እጄን ስታጠብ ግን እንደ ልማዴ ለኢቡ ሃርታቲ ዕድሜ ለመንኩ፤ በሳቸው ቂም የለኝም። የሱን ሐሙስ ዋጌ ግን እስከ ዛሬ መርሳት አቅቶኛል።