የቡሬው ስዊች

የሻረግ ቢሮ እንደገባች የምታደርገው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ቦርሳዋን መሳቢያ ውስጥ ትከትና የየመጋዘኑን ስዊቾች በኮምፒውተሯ ስካን አድርጋ ትፈትሻለች። የምትሠራበት የገበሬዎች ማኅበር ዋና ቢሮው ደብረ ማርቆስ ሲሆን የእህል መጋዘኖቹ በየወረዳው ናቸው፤ ኮምፒውተሮቻቸውን የሚያገናኙት ስዊቾች ኤስኤንኤምፒ በተባለው የመሣሪያዎች መጠያየቂያ ቋንቋ «አለህ ወይ?» ሲባሉ ስማቸውንና ያሉበትን ቦታ ይመልሳሉ። ትናንት የቡሬው አልመልስ ብሏት እዚያው ለሚሠራው ታናሽ ወንድሟ ለአንማው ደውላ «እስቲ የስዊቹን ሳጥን ከፍተህ እየው» ብላው ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችውም፣ ሙያውን ያስተማረችውም እሷ ናት፤ ከእሱ ሌላ ማን አላት?

ዛሬ ግን ቢሮው ጭር ብሏል። ሌላ ጊዜ ከኮሪደሩ ወዲያ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው የባልደረባዋ የስመኝ ሳቅ የለም፤ የማራገቢያው ማጉረምረምና የጋለ አቧራ ሽታ ብቻ፣ አልፎ አልፎም በሯ ድረስ መጥቶ፣ እዚያው ቆሞ፣ ተመልሶ የሚሄድ የእግር ኮቴ። በመጨረሻ ስመኝ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ገባች።

«ቁርስ በልተሻል፣ የሹ?»

ዳቦና ሻይ አስመጥታ፣ አጠገቧ ቆማ እንደ ሕፃን አስበላቻት። ከዚያም «ካርድ ጨርሼ ነው» ብላ የየሻረግን ስልክ ወሰደች፤ ወስዳም ቀረች። ምን ነክቷት ነው ይቺ ሴትዮ፣ አለች የሻረግ በሆዷ፤ ደሞ በሩን እንዲህ በቀስታ መዝጋት ከመቼ ወዲህ ነው?

የቡሬው ስዊች አሁንም ዝም። የይለፍ ቃሉን አየች፤ ልክ ነው። አድራሻውን አየች፤ ልክ ነው። መስመሩ ደክሞ ይሆናል ብላ ስካኑ መልስ የሚጠብቅበትን ጊዜ አረዘመችለት። ያኔ መለሰ። «ቡሬ መጋዘን» የሚል ጽሑፍ መኖር ባለበት ቦታ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦

«እታለም፣ እዚህ ጨለማ ነው።»

ሳቀች። አንማው መጋዘኑ ውስጥ ሲገባ የስልክ ኔትወርክ አያገኝም፤ ስለዚህ ሥራ ሲፈታ የስዊቹ ቦታ በሚጻፍበት መስመር ላይ ነገር ይጽፍላታል፣ እሷም ከዚህ ሆና ያንን አጥፍታ መልሷን ትጽፋለች፤ አለቃቸው ቢያይ ጉድ ይፈላ ነበር። «መብራት ጠፋ? በላህ?» ብላ ጻፈችለት።

«አልራበኝም። ሰዎቹን እጠራለሁ፣ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም።»

መብራት ከጠፋማ ስዊቹ በምን ይመልሳል? ስልኳን ፈለገች፤ ስመኝ ጋ ነው። ተነስታ በመስኮቱ ስታይ ግቢው ሙሉ ሰው ነው፤ ዝም ያለ ሰው። ከመሀላቸው ገጠር ያሉት አጎቷ፣ አያ ተገኘ፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለች፤ አብልተው፣ ስልክ ሸሽገው፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ጠብቀው ነው። ሰዎቹ ሲገቡ ወንበሯን ይዛ ቆማ ነበር።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ አያ ተገኘ። «አንማውን... ትናንት ኤሌክትሪክ ያዘው። ሬሳው እየመጣ ነው።»

«ውሸት ነው! አሁን እኮ እያወራኝ ነው!»

«የመጋዘኑ መብራት ከትናንት ጀምሮ ተቆርጧል፣ የሹዬ» አለች ስመኝ እያለቀሰች። «ተቆልፏል። ማንም የለበትም።»

«ወንድሜን! እኔ ነኝ የላክሁህ!» ብላ ጮኸች፤ ክፍሉ በለቅሶ ተናጠ። ደረቷን እንዳትመታ እጇን ሊይዟት ሲታገሉ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ወደቀ። ጽሑፉ ተቀይሯል።

«እታለም፣ ለቅሶ ይሰማኛል። ማን ሞቶ ነው? በሞቴ ንገሪኝ።»

እጇን አስለቅቃ ወደ ቁልፎቹ ሰደደች። እንዴት ትንገረው? መርዶ እንዲህ በባዶ ሆድ፣ በጨለማ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው በሌለበት ይነገራል? ለእሷ እንኳ ሻይ አጠጥተው ነው የነገሯት። እንባዋ ፊደሎቹን እየጋረደባት፣ እነሱ እንዳደረጉላት አደረገችለት።

«ማንም አልሞተም፣ ወንድሜ። ሁላችንም ደህና ነን» ብላ ጻፈች።

ስካኑ ዞረ፣ ዞረ፤ በለቅሶው መሀል ከእሷ በቀር ማንም ሳያየው መልሱ መጣ፦ «እፎይ! እንግዲያው ማታ ቤት እመጣለሁ፤ በሩን እንዳትዘጊብኝ።»